ስድስት ብሎን፣ ሁለት ብሎን፣ ቢግስቢ ወይስ ፍሎይድ? ግራ ገባኝ

ቅኝት_ፈላጊ

ሰላም ወገን። ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ጊታሬ የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ዓይነት ናት። ትሬሞሎዋ (ብሪጁን፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት፣ በእጀታ የሚያንቀሳቅሰው ዕቃ) ባለ ስድስት ብሎን፣ ክሮቿ 9-42 (ከቀጭኗ እስከ ወፍራሟ ያለው ውፍረት)። እጀታውን አብዛኛውን ጊዜ የምነካው ለስለስ አድርጌ ኖታውን ለማወዛወዝ ነው። አልፎ አልፎ ግን ይለይልኝ ብዬ እስከ ታች እደፍቀዋለሁ። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። እጀታውን ስለቀው ሶስተኛዋ ክር፣ ጂ ማለቴ ነው፣ ከቦታዋ ከፍ ብላ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ የምመታው ኮርድ ሁሉ ጆሮ ይቧጥጣል። እቃኛለሁ፣ አንዴ እደፍቃለሁ፣ እንደገና እቃኛለሁ። ከመጫወት ይልቅ ስቃኝ የምውለው ይበልጣል።

አብሮኝ የሚጫወት ልጅ «ጣላትና ፍሎይድ ሮዝ ያላት ግዛ» ይለኛል። ሌላው ቢግስቢ ይላል፣ መልኩን ወዶት ይመስለኛል። ሶስተኛው ባለ ሁለት ብሎኑን ግጠምበት ይላል፣ ሁሉም የትሬሞሎ ዓይነቶች ናቸው። እኔ ልዩነታቸውን የማውቀው በወሬ ነው። በእጃችሁ የነካችሁት ካላችሁ በምን በምን እንደሚለያዩ ንገሩኝ። የፋብሪካዎቹን ማስታወቂያ አትለጥፉልኝ፣ እሱን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ፍሎይድ_ያዥ

ፍሎይድ ሮዝ። ሌላው ጊዜ ማባከን ነው። ቀጣይ ጥያቄ?

ስድስት_ብሎን

ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! ሰውዬው ራሴን አመመኝ ቢልህ አንገትህን ቁረጠው ትለዋለህ?

ቅኝት ፈላጊ፣ መልሱ አንተው የጻፍከው ላይ አለ። «ከፍ ብላ ትመለሳለች» ብለሃል። እጀታውን ስትደፍቅ ብሪጁ ወደ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ቦይ ነገር) ይጠጋል፣ ክሩም ይላላል። ከነቱ ወዲያ፣ መቃኛው በኩል ያለችው አጭር ክር ግን ገና ውጥር ናት። ስለዚህ ከላላው ጥቂቱን በቦዩ ውስጥ አንሸራትታ ወደ ራሷ ትስበዋለች። እጀታውን ስትለቅ ያ የሄደው ክር በዚያው ልክ ተመልሶ መምጣት አለበት። ቦዩ ከጠበበ ወይም ሸካራ ከሆነ መንገድ ላይ ይነክሰውና ይቀራል። የምትመታው ክፍል ከሚገባው በላይ ተወጥሮ ቀረ ማለት ነው። ውጥር ክር ከፍ ያለ ኖታ። አለቀ።

ተቃራኒውም አለ። ክሩን በጣትህ ገፍተህ ቤንድ አድርገህ ስትለቀው ኖታው ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ እሱም ያው ነቱ ነው፣ በሌላ አቅጣጫ። ሌላ ምልክት ልጨምርልህ፦ ስትቃኝ መቃኛውን እያዞርክ ኖታው ቆሞ ይቆይና ድንገት «ቲክ» ብሎ ይዘላል? ከዘለለ ወንጀለኛውን ይዘኸዋል።

አሁን ይህን ሞክር። ደፍቀህ ልቀቅ። ጂ ከፍ ስትል ከነቱ ወዲህ ያለውን፣ የምትመታውን ክፍል በጣትህ ሳብ አድርገህ ልቀቃት። ቅኝቷ ወደ ቦታው ከተመለሰ ዋናው ተጠርጣሪ ነቱ ነው። ነት የማያንሸራትት ጊታር ላይ ምን የመሰለ ብሪጅ ብትገጥም ያው ነህ።

ፍሎይድ_ያዥ

ፍሎይድ ብትገጥም ግን ያው አትሆንም፣ ምክንያቱም ነቱ ይቆለፋል :) የሚንሸራተት ነገር ከሌለ የሚነክስ ነገር የለም። ራስህ ነህ የኔን ክርክር የተከራከርክልኝ።

ስድስት_ብሎን

እሺ እሱን አስቆጥረሃል።

አሮጌ_ክር

ልጆች፣ ከመጣላታችሁ በፊት ስሙን እናስተካክል። እኔ በዚህ ስም ስናደድ 30 ዓመት አልፎኛል። ትሬሞሎ ማለት የድምፁ መጠን ሲወዛወዝ ነው፣ ጮክ ቀነስ ጮክ ቀነስ። ኖታው ራሱ ከፍ ዝቅ ሲል ቪብራቶ ይባላል። ሊዮ ፌንደር በ1954 ስትራቶካስተርን ሲያወጣ የብሪጁን ቪብራቶ ትሬሞሎ ብሎ ጠራው። ይባስ ብሎ አምፕሊፋየሮቹ ላይ ያለውን ትሬሞሎ ደግሞ ቪብራቶ አለው። ሁለቱን ስም አገላብጦ ለዓለም አከፋፈለና ይኸው እስከ ዛሬ እንደግመዋለን። (ዓመቶቼ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

የሊዮ ብልሃት ግን ስሙ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አልተሳሳተም። ከሱ በፊት የነበሩት ጅራቱን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር። የሱ ብሪጅና ጅራት አንድ ላይ ያዘነብላሉ። ክሩ ኮርቻው (ሳድሉ) ላይ እየተፋተገ አይንሸራተትም፣ ኮርቻውን ተሸክሞ ይሄዳል። «ሲንክሮናይዝድ» ያለውም ለዚህ ነው። ከታች ከባድ ብረት ብሎክ አለ፣ ብሎኩ ላይ የተያያዙ ሞላዎች። ክሮቹ ወደ ፊት ይጎትታሉ፣ ሞላዎቹ ወደ ኋላ። ብሪጁ መካከል ላይ የሚቆመው ሁለቱ እኩል ሲጎትቱ ነው። 9-42 ክር በመደበኛ ቅኝት በድምሩ ወደ 38 ኪሎ ይጎትታል፣ 10-46 ደግሞ ወደ 47 ኪሎ። ስለዚህ የክር ውፍረት ቀይረህ ሞላውን ሳታስተካክል «ብሪጄ ተነሳብኝ» ብለህ አታልቅስ። ዘጠኝ ኪሎ ጨምረህበት ምን ይሁንልህ?

ነጠላ_ኖታ

ጋሼ ስለ ስሙ ልክ ነዎት፣ ግን አሁን «ቪብራቶ ብሪጅ» ብለን ብንፈልግ ግማሹን ዕቃ አናገኘውም። ተሸንፈናል፣ ይተዉት።

እኔ ስለ ቢግስቢ ልናገር፣ ሁለት ጊታሬ ላይ አለኝ። ፖል ቢግስቢ የሞተር ሳይክል ሰው ነበር፣ ዕቃውን ስታየውም ይታወቃል፦ ወፍራም አሉሚኒየም፣ ከእጀታው ስር አንድ ወፍራም ሞላ። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። ጊታሪስቱ ሜርል ትራቪስ ጊታሩ ላይ የነበረው የካውፍማን ቪብሮላ (ቀደም ያለ የቪብራቶ ዕቃ) ቅኝት እያበላሸበት ቢያስቸግረው ቢግስቢ ዘንድ ይዞት ሄደ፣ ቢግስቢም ጠግኖ ሲሰለቸው የራሱን ሰራ። ሰባ ምናምን ዓመት ሆነው፣ ቅርፁ ብዙም አልተለወጠም።

እጅ ላይ ሲነካ ግን ከስትራቱ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። የኖታው እንቅስቃሴ ትንሽ ነው፣ ግማሽ ቶን፣ ቢበዛ አንድ ቶን አካባቢ። ደፍቃችሁ ክሩን ማላላት የሚባል ነገር እርሱት። ኮርድ መትታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትነቀንቁት ግን ሌላ ምንም ዕቃ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣችኋል፣ ሙሉው ኮርድ ውሃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ስትራት ላይ ይህን ለማድረግ እጄ ሁልጊዜ ይበዛብኛል።

ችግሩ ጅራቱ ሲንቀሳቀስ ብሪጁ ቆሞ መቅረቱ ነው። ክሩ ኮርቻው ላይ ወደፊት ወደኋላ ይፈተጋል። ስለዚህ ወይ ኮርቻዎቹ ሮለር (ተሽከርካሪ) መሆን አለባቸው፣ ወይ ብሪጁ አብሮ የሚወዛወዝ መሆን አለበት። ተራ ቱን-ኦ-ማቲክ (ቆሞ የሚቀር ብሪጅ) ላይ ገጥሞ «ቢግስቢ አይረባም» የሚለው ሰው ብዛቱ! ቢ7 የሚባለው ሞዴል ደግሞ ክሩን ወደ ታች የሚጫን ተጨማሪ ዘንግ አለው። አንድ ተጨማሪ የሚፈተግበት ቦታ ማለት ነው። ቢ3 ያ ዘንግ የለውም፣ የኔ እሱ ነው፣ ይሻላል። ክር መቀየሩ ግን ያው ነው። ኳሷን (ክሩ ጫፍ ላይ ያለችውን) ፒኑ ላይ ሰክታችሁ፣ ዘንጉን አዙራችሁ፣ መቃኛው ጋ ስትደርሱ ኳሷ ከፒኑ ትወልቃለች። ሶስተኛ እጅ ያስፈልጋል።

ጀማሪ_ነኝ

ይቅርታ መሃል ገባሁ። አንድ ክር ሲበጠስ ሌሎቹ ሁሉ ቅኝታቸው የሚጠፋው ለምንድን ነው? እኔ ጊታሯ የተሰበረች መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ስድስት_ብሎን

አሮጌ ክር ያሉትን ሚዛን አስበው። ሞላዎቹ ስድስት ክር ሲጎትታቸው ነበር እኩል የቆሙት። አንዱ ሲበጠስ ሞላዎቹ ያሸንፉና ብሪጁን ወደ ኋላ ይስቡታል፣ የቀሩት አምስቱ ይወጠራሉ፣ ሁሉም ከፍ ይላል። ይህ የሚሆነው ብሪጁ በአየር ላይ ከተንሳፈፈ ነው። ብሪጁን ገላው ላይ አስተኝተህ ሞላዎቹን ካጠበቅህ ወደ ታች ብቻ ይሰራልሃል፣ ክር ቢበጠስም ሌሎቹ አይነቃነቁም። የተንሳፈፈ ብሪጅ ሌላም ዕዳ አለው። ሁለት ክር አብረህ መትተህ አንዱን ብቻ ቤንድ ስታደርግ ያልነካኸው ክር ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ቤንዱ ብሪጁን ወደፊት ስቦታል። መዳፍህንም ጫን ካደረግህበት ሁሉም ኖታ ይነሳል።

ኤሪክ ክላፕተንን እይ። ብላኪ የምትባለው ስትራቱ ላይ አምስቱንም ሞላ አስገብቶ ብሎኩን በእንጨት ቁራጭ ቆልፎት ነበር የሚጫወተው። ትሬሞሎ ያላት ጊታር ይዞ ትሬሞሎ ሳይኖረው :)

ፍሎይድ_ያዥ

እሺ አሁን በቁም ነገር ልጻፍ፣ ያኛው ቀልድ ነበር። በከፊል።

ፍሎይድ ሮዝ የሰው ስም ነው፣ ይህን የማያውቅ አለ። በ1970ዎቹ ነገሩን በእጁ ሰርቶ በ1979 ፓተንቱን አገኘ። ሃሳቡ ቀላል ነው። ክሩን በነቱ በኩል በብረት ጥፍር ትቆልፈዋለህ፣ በብሪጁ በኩል ደግሞ ኳሷን ቆርጠህ ትጥልና ኮርቻው ውስጥ በብሎን ታጣብቀዋለህ። ከሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው ክር የሚሄድበት የለም። ብሪጁ ደግሞ ብሎን ላይ አይንጠለጠልም። ሁለት ስለታም ጠርዞች አሉት፣ ሁለት ምሰሶ ላይ እንደ ሚዛን ይቀመጣሉ። ፍትጊያ የለም ማለት ይቻላል። ክሩ ልልት ብሎ ማግኔቱ ላይ እስኪወድቅ ደፍቀህ ስትለቀው ቅኝቱ እንደነበረ ይመለሳል። ኤዲ ቫን ሄለን የታወቀበትን ያን ሁሉ ጉድ በስትራት ትሬሞሎ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቃኙ መስራት ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ ብሪጁ ላይ ያሉት ትናንሽ መቃኛዎች አልነበሩም። ቅኝት ትንሽ ከተዛባ ነቱን ፈትተህ እንደገና መጀመር ነበረብህ። ኋላ ነው የተጨመሩት።

ዕዳውንም ልናገር፣ ልክ ነው። ቅኝት መቀየር አትችልም። ስድስተኛዋን ክር ወደ ዲ ላውርድ ብትል ሌሎቹ አምስቱ ወደ ላይ ይሄዱብሃል። ክር መቀየር የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዱን ትቃኛለህ ሌላው ይወርዳል፣ ያን ትቃኛለህ የመጀመሪያው ይወርዳል። መላው ይህ ነው፦ ከመጀመርህ በፊት ከብሎኩ ጀርባ በልኩ የተቆረጠ እንጨት አስገብተህ ብሪጁን ቀጥ ባለበት ቁመና ያዘው፣ ስድስቱንም ቃኝ፣ ከዚያ እንጨቱ ላላ እስኪል የሞላውን መያዣ ሁለት ብሎኖች አስተካክል፣ አውጣው። ያለዚያ ደግሞ ክሩን አንድ በአንድ ቀይር፣ ሁሉንም አንድ ላይ አትፍታ። ኳስ መቁረጥ የሰለቸው ሰው ክሩን ገልብጦ ኳሷን መቃኛው በኩል ያስቀራታል። እኔ እንደዚያ ነኝ። እና 3 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ከቦርሳህ እንዳይጠፋ። ነቱም ኮርቻውም በሱ ነው የሚፈታው። እሱ ከጠፋ ፍሎይድ ሳይሆን ቁም ሳጥን ነው የያዝከው።

አንድ ጥፋት ደግሞ የራሴን ልናገር። መጀመሪያ የገዛሁት ስሙን የማልጠራው ርካሽ ቅጂ ነበር። ብረቱ ለስላሳ ነው። እኔ ደግሞ ሞኝ ነበርኩ፣ ክሮቹ እንደተወጠሩ የምሰሶዎቹን ቁመት በቁልፍ ከፍ ዝቅ አደርግ ነበር። ስለታሙ ጠርዝ በጥቂት ወር ተቦጭቆ አለቀ። ከዚያ በኋላ እጀታውን በለቀቅኩት ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ይቆማል። አንዴ ዝቅ ብሎ፣ አንዴ ከፍ ብሎ። የጥሩ ፍሎይድና የመጥፎ ፍሎይድ ልዩነት እዚያች ጠርዝ ላይ ነው፣ ጠንክሮ ያልተሰራ ብረት ከሆነ አትንካው። ቁመት ማስተካከል ስትፈልግ መጀመሪያ ክሩን አላላ።

ነጠላ_ኖታ

ይህ ልጅ ሲፈልግ ጥሩ ይጽፋል።

ከበስተኋላ

የፌንደር ጃዝማስተር ሰው የለም እንዴ እዚህ? በ1958 ከሱ ጋር የመጣው ትሬሞሎ፣ ኋላ በ1962 ጃጓር ላይ የገባው። እኔ እጅ ላይ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። እጀታው ረጅም ነው፣ ሞላው አንድ ብቻ፣ ለስላሳ። ብሪጁ በሁለት እግሮቹ ጽዋ ውስጥ ቆሞ ከክሩ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ ኮርቻው ላይ ፍትጊያ የለም። ቁልፍም አለው። ቁልፉን በትክክል ካስተካከልከው ክር ሲበጠስ ገፋ ታደርገውና የቀሩት ክሮች ቅኝታቸውን ይይዛሉ። 1958 ላይ ይህን ያሰበ ሰው!

ግን በቀጭን ክር ይጮሃል፣ ይንቃጨላል፣ ኃይለኛ ምት ስትመታ ክሩ ከኮርቻው ቦይ ይዘላል። በዚያን ጊዜ የነበረው ክር ወፍራም ነበር። 11 ግጠም፣ አንገቱ ስር ስስ ሽብልቅ አስገባና ክሩ ብሪጁ ላይ የሚጫንበትን ጉብጠት ጨምርለት፣ ያን ጊዜ ሌላ ጊታር ይሆናል። 9 ገጥሞ የሚሰድበው ሰው ግን አይጠፋም።

ጣቴ_ደነዘዘ

ሰስቴይኑስ (ኖታው ሳይጠፋ የሚቆይበት ጊዜ)? ፍሎይድ ድምፁን ያቀጥነዋል ይባላል።

አሮጌ_ክር

ይህን ጥያቄ ባታነሳው ይሻል ነበር፣ ሶስት ቀን አያስተኛንም። በአጭሩ የብሎኩ ክብደት ልዩነት አለው። ፌንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብረቱን ትቶ ወደ ቀለጠ ቅይጥ ሲሄድ ብዙ ሰው አጉረምርሟል። በጆሮዬ እሰማዋለሁ የሚለውን ሁሉ ግን አላምንም። ከኋላ ሽፋኑን ከፍታችሁ ሞላዎቹን በጣት ነካ አድርጉ፣ እንደ ደወል ይጮሃሉ። ቁራጭ ስፖንጅ ከስራቸው ሻጡ፣ ያ ጩኸት ይጠፋል። ይህን ደግሞ እዚያው ተቀምጣችሁ ትሰሙታላችሁ።

ቅኝት_ፈላጊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስት ብሎን ያልከውን አደረግኩ። ደፈቅኩ፣ ለቀቅኩ፣ ጂ ከፍ አለች። ክሯን ሳብ አድርጌ ለቀቅኳት። ቅኝቷ ቀጥ ብሎ ተመለሰ! አምስት ጊዜ ደገምኩት፣ አምስቱንም። ስቃኝም «ቲክ» ትላለች፣ እስከ ዛሬ ጠባይዋ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ግን አሁን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ነቱን ካስተካከልኩ ባለ ሁለት ብሎኑ ምን ይጨምርልኛል?

ስድስት_ብሎን

ብዙ አይጨምርም። ስሜ ስለሆነ አይደለም። ፌንደር ባለ ሁለት ምሰሶውን በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አምጥቶታል፣ እንቅስቃሴው ለስለስ ይላል፣ ብሪጁን አንሳፍፎ ኖታውን ወደ ላይም ለመሳብ ይመቻል። ባለ ስድስቱ ላይ የሚያስቸግረው ስድስቱ ብሎኖች እኩል ካልቆሙ እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። መሃል ያሉትን አራቱን ትንሽ ከፍ አድርገህ ሁለቱ ዳር ያሉት ብቻ እንዲሸከሙ አድርግ፣ ሁለት ምሰሶ ሆነልህ፣ ያውም በነፃ። ከኋላ የሚነሳበት ክፍተት 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ገላው ላይ አዲስ ቀዳዳ አስቆፍረህ ብሪጅ ማስቀየር ግን አንዴ ከተቆፈረ መመለሻ የለውም። እኔ አንድ ጊታሬን ለባለሙያ ሰጥቼ ቀዳዳውን ሁለት ሚሊሜትር አሳስቶ መለሰልኝ። ቀጭኗ ክር እስከ ዛሬ ከአንገቱ ጠርዝ ልትወድቅ ትደርሳለች።

ነቱን በተመለከተ፣ በራስህ ሞርደህ አታጥፋት። መጀመሪያ ክሩን አንሳና ቦዩን በእርሳስ ሙላው፣ ግራፋይቱ ያንሸራትታል። ካልበቃ ቦዩ ጠቧል ማለት ነው፣ በክሩ ልክ ትንሽ መስፋት አለበት፣ በመሞረጃ እንጂ በቢላ አይደለም። ቀጭን ክሮቹን ወደ ታች የሚጫናቸውን ቁራጭ ብረት ስርም እርሳስ አድርግ። መቃኛው ላይ ደግሞ ክሩን ሰባት ስምንት ዙር አትጠምጥም፣ ሁለት ሶስት ይበቃል። ጥምጥም ይላላል፣ ይጠብቃል፣ የራሱ ሞላ ይሆንብሃል።

ፍሎይድ_ያዥ

ተስማማሁ፣ ግን አንድ ነገር። ሰውዬው «አልፎ አልፎ እስከ ታች» ነው ያለው። በየዘፈኑ ቢሆን ኖሮ እርሳስ አያድነውም ነበር፣ ክሩ ሙሉ በሙሉ ላልቶ ሲመለስ ኮርቻው ላይም መቃኛው ላይም ቦታ ይቀይራል። ልክ ነኝ አይደል?

ስድስት_ብሎን

ልክ ነህ። በየዘፈኑ የሚደፍቅ ሰው ያንተን ይግዛ።

ከበስተኋላ

ብዙ ሰው ካህለር የሚባለውን ትሬሞሎ ረሳ። በ1980ዎቹ የፍሎይድ ተቀናቃኝ ነበር። ሞላው ከስር ሳይሆን እላዩ ላይ ካም (ሲዞር የሚገፋ ብረት) ጋር ነው፣ ኮርቻዎቹ ሮለር ናቸው፣ ገላውን እስከ ጀርባ መብሳት አያስፈልግም። እጅ ላይ ቅቤ ነው፣ ለአንዳንዱ ይበዛል። ስታይንበርገር ትራንስትሬም ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የስድስቱም ክር ኖታ በእኩል መጠን ስለሚወርድና ስለሚወጣ ኮርድ መትተህ ስትደፍቀው ኮርዱ እንደ ኮርድ ይወርዳል፣ አይፈርስም። ሌሎቹ ሁሉ ላይ ግን እያንዳንዱ ክር በየራሱ መጠን ነው የሚወርደው። በ1980ዎቹ የመጣ ነው፣ ለሱ ተብሎ የተሰራ ክር ይፈልጋል፣ አንዴ ብቻ ነው የነካሁት፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

ቅኝት_ፈላጊ

ዘግይቼ ተመለስኩ። እርሳሱን አደረግኩ። አራቱን ብሎኖች አነሳሁ። የክር ጥምጥሙን አሳጠርኩ፣ ዘጠኝ ዙር ነበር፣ አፈርኩ። ትናንት ሁለት ሰዓት ተጫወትኩ፣ አንዴ ብቻ ነው የቃኘሁት፣ እሱም ክሩ አዲስ ስለሆነ ነው። በሃይል ስደፍቃት ጂ አሁንም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ግን እጀታውን ወደ ላይ ስስባት ትመለሳለች።

ያ ፍሎይድ ግዛ ያለኝ ልጅ ጊታሯን ተውሶኝ ሄዷል።

ነጠላ_ኖታ

ነቱን ግን ለማንኛውም አስሰፋት። እርሳስ ክር በቀየርክ ቁጥር ያልቃል።

ጀማሪ_ነኝ

የትኛው እርሳስ ነው? ተራው ይሆናል?

ስድስት_ብሎን

ለስላሳው፣ ጥቁሩ። ቦዩ ውስጥ አመላልሰው፣ የተረፈውን እፍ በለው።